ሁለት ብልቃጥ በፖስታ

ጥቅምት 4

ለተከበሩ አጎቴ፣

እንደምን ከርመዋል? ጉልበትዎ፣ ጆሮዎ፣ ያ ጎረቤት የሚቀሰቅስ ሳቅዎ እንዴት ነው? እትዬስ ደህና ናቸው? እኔ ከብርዱ በቀር የሚከፋኝ ነገር የለም፤ ፈጣሪ ይመስገን።

ጠፋሽ ብለው እንዳይቆጡኝ፤ አዲስ ሥራ ይዤ ነው። እናቴ ለሰው ሁሉ «ኬሚስት ሆናለች» ብላ አውርታለች አሉ። ለእርስዎ እውነቱን ልንገርዎ። ላቦራቶሪ ውስጥ ቀኑን ሙሉ የምውለው ከሰው ሽንት ጋር ነው። ይሳቁ፣ ይሳቁ፤ እኔም የመጀመሪያው ቀን ስቄያለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከሽንት ፊኛ ግድግዳ ላይ ሴሎች እየረገፉ ከሽንቱ ጋር ይወጣሉ። በየሴሉ ውስጥ ደግሞ ዲኤንኤ አለ፤ እናንተ ፋብሪካ ግድግዳ ላይ እንደምትለጥፉት የቀለም ቀመር ማለት ነው። ካንሰር ሲጀማምር እዚያ ቀመር ላይ የታወቁ ስህተቶች ይታያሉ። እኛ ሽንቱን በማሽን አሽከርክረን፣ ሴሎቹን ለይተን፣ እነዚያን ስህተቶች ነው የምንፈልገው። ሰውየው ገና ምንም ሳያመው ሊገኝ ይችላል።

አሁን አለቃዬ በጨርቅ ማቅለሚያ ክፍል የሠሩ ሰዎችን እያጠና ነው። የድሮዎቹ ቀለሞች አንዳንዶቹ ፊኛ ይጎዳሉ። ይህን ስሰማ መጀመሪያ የታወሱኝ እርስዎ ነዎት። ሠላሳ ሦስት ዓመት! ጥፍርዎ ውስጥ ያለው ሰማያዊ እኮ እስካሁን አልለቀቀም።

ስለዚህ ትንሽ ሣጥን ልኬያለሁ። ውስጡ ሁለት ብልቃጥ አለ። አንዱ የእርስዎ ነው፤ ሁለተኛው ለማወዳደሪያ የእትዬ ነው፤ አንድ ቤት እየኖሩ ቀለም ያልነካ ሰው ይፈለጋልና። ስማችሁ የተጻፈባቸውን ወረቀቶች ይለጥፉባቸው። ብልቃጡ ውስጥ ያለው ፈሳሽ እንዳይበላሽ የሚጠብቅ ነው፤ ቆሻሻ መስሎዎት እንዳይደፉት። የፈቃዱን ወረቀት ፈርማችሁ በፖስታ መልሱልኝ።

እምቢ እንዳይሉኝ በእናቴ ይሁንብዎ።

የእህትዎ ልጅ

ኅዳር 2

ይድረስ ለእህቴ ልጅ፣ ለሚጡ፤

ለጤናሽ እንደምን አለሽልኝ? እኛ ደህና ነን። ጆሮዬ እንደሆነ ከእነዚያ በርሜሎች ጋር ጡረታ ወጥቷል፤ አትጠይቂው። ለዚህ ነው ስልክ የማልወደው፤ እኔም እጮሃለሁ፣ ደዋዩም ይጮሃል፣ መጨረሻ ላይ የምንግባባው ስንዘጋ ብቻ ነው። ደብዳቤ ግን ይደገማል።

ሣጥንሽ ደረሰ። ሰው ውጭ አገር ሲሄድ ለዘመዱ ጫማ ይልካል፣ ጃኬት ይልካል። የእኔ የእህት ልጅ ባዶ ብልቃጥ ላከች፤ ሞልታችሁ መልሱልኝ ብላ! እንዲህ ያለ ስጦታ ከተወለድኩ አላየሁም። ጎረቤቴ ልብስ ሰፊው «ምን ላከችልህ?» ብሎ ሲጠይቀኝ ሽቶ ነው አልኩት።

እትዬሽን ታውቂያታለሽ፤ ሠላሳ ዓመት ሒሳብ ያስተማረች ሴት አንድ ወረቀት ሦስት ጊዜ ሳታነብ አትፈርምም። «እኔ ምን አገባኝ? የነካሁት ቀለም ጠመኔ ብቻ ነው» ብላ ነበር። ለማወዳደሪያ ነው ብዬ አስረዳኋት። «ከአንተ ጋር ስወዳደር መች ተሸንፌ አውቃለሁ!» ብላ ብልቃጧን ይዛ ገባች።

ፖስታ ቤት ያለችው ልጅ «ውስጡ ምንድነው?» አለችኝ። «የቤተሰብ ምስጢር» አልኳት። ቅጹ ላይ እንዲህ አይጻፍም አለች። ወደ ጆሮዋ ጠጋ ብዬ ነገርኳት። ደንቆሮ ሲያንሾካሹክ እንዴት እንደሆነ ታውቂያለሽ፤ ሰልፉ ሁሉ ሰማ። ሣጥኑን በሁለት ጣቷ ይዛ ተቀበለችኝ።

እንግዲህ ማሽንሽ ጎበዝ ከሆነ እናያለን። በሚቀጥለው ግን ባዶ ነገር እንዳትልኪ፤ የማንበቢያ መነጽሬ ክንፉ ተሰብሮ በክር አስሬዋለሁ። ፈጣሪ ካሰብሽው ያድርስሽ።

አጎትሽ

ጥር 8

ለተከበሩ አጎቴ፣

እንዴት ሰነበቱልኝ? መነጽሩን በሌላ ፖስታ ልኬያለሁ፤ ሁለት ነው፣ አንዱ ሲሰበር ሌላውን እንዲያደርጉ።

ፖስታ ቤት የሆነውን ለባልደረቦቼ ተርጉሜላቸው ወንበር ይዘው ነው የሳቁት። አሁን ግን ከሳቁ ትንሽ ፈቀቅ በሉልኝና ረጋ ብለው ያንብቡኝ።

ውጤቱ ወጥቷል። የጥናቱ ሐኪም የጻፈው ወረቀት ከዚህ ጋር አለ። በእትዬ ብልቃጥ ውስጥ ምንም አልተገኘም። በእርስዎ ስም ባለው ውስጥ ግን ከምንፈልጋቸው ስህተቶች ሁለቱ ተገኝተዋል። እንዳልሳሳት ብዬ ደግሜ ሠራሁት፤ አለቃዬም በራሱ እጅ ሠራው። ያው ነው።

አጎቴ፣ ይህ ማለት ካንሰር አለብዎት ማለት አይደለም። ሊኖር ስለሚችል ይታይ ማለት ነው። ሐኪም በቀጭን ቱቦ ካሜራ አስገብቶ ፊኛውን ከውስጥ ያየዋል። የሚገባው በሽንት መውጫው በኩል ነው፤ ያደነዝዙታል፣ ግማሽ ሰዓት አይፈጅም። ካለም ገና ትንሽ ሳለ ከተገኘ ፍቀው ያወጡታል። ሳይደርቅ በእርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ ይሉ የለም? እባክዎ በዚህ ሳምንት ቀጠሮ ይያዙ።

ልጅዎ ስለሆንኩ ልለምንዎ እችላለሁ፤ እየለመንኩዎት ነው። ዛሬውኑ ይመልሱልኝ።

የእህትዎ ልጅ

የካቲት 14

ሚጡ፣

ሰላም ላንቺ ይሁን። መነጽሩ ደርሷል፤ እግዜር ይስጥልኝ። ቶሎ ያልጻፍኩት እጄ እምቢ ብሎኝ ነው።

የሠራሁትን ልንገርሽና እንደፈለግሽ ስደቢኝ። ፋብሪካ ሳለሁ ከየበርሜሉ ቁራጭ ጨርቅ ቆርጬ ለጥራት ክፍል እልክ ነበር። በወር አንዴ፣ ለማንም ሳልናገር፣ የቁራጮቹን ምልክት አለዋውጬ እልካለሁ። ተቆጣጣሪው ካልነቃ ተኝቷል ማለት ነው። በዚህ ዘዴ ሦስት ተቆጣጣሪ ይዣለሁ። ፈታኝ ራሱ ካልተፈተነ አይታመንም፤ እኔ እንዲህ ነው ያደግሁት።

ያንቺንም ማሽን እንዲሁ አደረግሁት። የስማችንን ወረቀቶች አለዋወጥኳቸው። የኔ ስም ያለበት ብልቃጥ የእትዬሽ ነው።

ገባሽ አይደል? ደብዳቤሽን ሳነብ እሷ እዚያ ማዶ ተቀምጣ አዝራር ትተክል ነበር። ክር በጥርሷ በጠስ አድርጋ «ልጅቷ ምን አለች?» አለችኝ። «ደህና ነን አለች» አልኳት። ከዚያ ወጥቼ ግቢውን ዞርኩ፤ ስንት ጊዜ እንደዞርኩ አላውቅም።

ጠመኔ ብቻ የነካች ሴት! ልብሴን እሷ ነበረች የምታጥበው። በየሳምንቱ ያ ሁሉ ቀለም በእጇ ነው ያለፈው። እኔ ገደልኳት ማለት ነው እንዴ?

ምንም አልልክልሽም፣ ምንም አትላኪልኝ። አንድ ነገር ብቻ ንገሪኝ፤ ይድናል? ለእሷ ግን እንዳትጽፊ፣ እንዳትደውዪ። አደራ።

አጎትሽ

የካቲት 29

አጎቴ፣

እንደምን ነዎት ልበል? ዛሬስ እንደምን እንደሆኑ ሳይሆን ምን እንደነካዎት ነው የምጠይቀው! ስድሳ ስምንት ዓመት የሞላው ሰው፣ የካንሰር ምርመራ ላይ፣ እንደ ተማሪ ስም ይለዋውጣል? ለአለቃዬ ስነግረው መጀመሪያ እንባው እስኪመጣ ሳቀ፤ ቀጥሎ አራት ገጽ ሪፖርት አጻፈኝ። ተቆጣጣሪ ልያዝ ብለው እኔን አስያዙኝ።

ይቅርታ፣ ተናድጄ ነው። አሁን ይስሙኝ። ገና ጅምር ላይ ከሆነ ይድናል፤ ብዙ ሰው ድኖበታል። ማንንም አልገደሉም፤ እንዲህ ያለውን ነገር ለሌላ ሰው እንዳይናገሩት፣ ለራስዎም ጭምር። ብልቃጦቹ አልቀዋል፣ ማሽኑ ደግሞ ወንድና ሴት አይለይም፤ የሚያየው የተወሰኑ ቦታዎችን ነው። ስለዚህ ከዚህ ሆኜ የማጣራው ነገር የለም። በእርስዎም እጅ ነገር ስለተበላሸ አሁን የማምነው ካሜራውን ብቻ ነው። ሁለታችሁም ታዩ።

አትደውዪ ቢሉኝም አላስቻለኝም፤ ደወልኩ። እትዬ አነሱት። «ሁላችንም ደህና ነን፤ አጎትሽ ሰሞኑን እንደ አዲስ ሙሽራ ሆኗል፤ አይዞሽ፣ ሥራሽን ሥሪ» ብለው ዘጉብኝ።

ግን ውጤቱ የእሳቸው ከሆነ ማወቅ ያለባቸው እሳቸው ናቸው። ይህ ደብዳቤ በደረሰ በሁለት ሳምንት ውስጥ ሐኪም ዘንድ ካልወሰዷቸው ራሴ እነግራቸዋለሁ። ቢጣሉኝም ይጣሉኝ።

የምወድዎና ያናደዱኝ፣
የእህትዎ ልጅ

መጋቢት 22

ይድረስ ለቁጡዋ ለሚጡ፤

ሰላምታዬ ካለሽበት ይድረስሽ። ስድቡን በልቼዋለሁ፤ ይገባኛል።

የገባሁበትን ጣጣ ብታዪ ትስቂ ነበር። እሷ እንዳትደክም ብዬ ባልዲ መሸከም ጀመርኩ። ሳህን አጠብኩ፤ ሁለቱን ሰበርኩ። ጢሱ ለእሷ አይሆንም ብዬ ሲጋራዬን ጣልኩ፤ አርባ አምስት ዓመት ያጨስኩትን! የደረጃው እጀታ ይነቃነቅ ነበር፤ ሰባት ዓመት ስትነግረኝ ጆሮ ዳባ ልበስ ብዬ ነበር፤ በአንድ ጠዋት ሠራሁት። በስድስተኛው ቀን መዶሻውን ከእጄ ቀማችኝና ዓይን ዓይኔን እያየች «ሌላ ሴት ይዘሃል?» አለችኝ።

«በዚህ ጆሮ? የምትለኝን እንኳ አልሰማትም» አልኳት።

ከዚያ ደብዳቤሽ ሲደርስ ነገሩን አመጣሁት። ልጅቷ ሁለታችሁም በካሜራ ታዩ ብላለች፣ ለሁሉም ሰው የሚደረግ ነው፣ ምንም ማለት አይደለም አልኳት። እሷም ረጋ ብላ «እሺ፤ አንተ ቀድመህ ግባ። ከወጣህ በኋላ አይቼህ እገባለሁ» አለችኝ። ሴቶች ይቅደሙ ብላት ወይ ፍንክች።

የቱቦውን መግቢያ ደግሞ ነግረሽኛል፤ ባትነግሪኝ ይሻል ነበር። ሁለት ሳምንት ሙሉ ዛሬ ነገ ስል ቆየሁ። ኋላ አንድ ቀን ጓዳ ገባሁ፤ ጀርባዋን ሰጥታኝ ቆማለች፤ ቀጭን ሆና ታየችኝ። እንኳን ቱቦ ባቡር ያስገቡብኝ ብዬ ቀጠሮ አስያዝኩ። ሐሙስ ነው። እኔ ገብቼ፣ እየሳቅሁ ወጥቼ፣ ምንም አያምም እላታለሁ። ቢያመኝም እስቃለሁ። ዋናው እሷ ትግባ።

ጸልዪልን።

አጎትሽ

ሚያዝያ 20

አጎቴ፣ እትዬ፣

ሐሙስ ካለፈ ሦስት ሐሙስ አለፈ። እስካሁን አንድ መስመር አልደረሰኝም። ስልኩ ይጠራል፣ የሚያነሳ የለም። የሰው ብልቃጥ ባነሳሁ ቁጥር ስሙን ሦስት አራት ጊዜ አነባለሁ፤ አለቃዬ ከሥራ አስወጥቶኝ ሻይ ጠጪ ብሎኛል። ክፉም ቢሆን ጻፉልኝ። እትዬ፣ ተቀይመውኝ ከሆነ ይቅር ይበሉኝ፤ መንገር ነበረብኝ።

ልጃችሁ

ግንቦት 4

ለምንወድሽ ልጃችን፣

ሰላምሽ ይብዛ። ደብዳቤሽ እንደደረሰኝ ምድጃው ላይ የነበረውን አውርጄ መጻፌ ነው። ሐኪም ቤትና ቤት ስንመላለስ ስልኩ ብቻውን ሲጮህ ይውላል፤ ለዚያ ይቅርታ አድርጊልን። በመጀመሪያ ልብሽ ይረፍ፤ ሁለታችንም ቆመን እንሄዳለን። አሁን ከሥሩ ልንገርሽ።

ሠላሳ ዓመት ፈተና የተቆጣጠርኩ ሰው ነኝ። ባለቤቴ ብልቃጥ ይዞ ጀርባውን ሲሰጠኝ ምን እያደረገ እንደሆነ የማላውቅ ይመስልሻል? በበሩ ስንጥቅ አየሁት። ወረቀቶቹን ልጦ አለዋወጣቸው። ከዚያ ሣጥኑን የሚያሽግበት ፕላስተር ፍለጋ ልብስ ሰፊው ዘንድ ሄደ። እኔም ልጬ መልሼ በየቦታቸው ለጠፍኳቸው። የእሱ በእሱ፣ የእኔ በእኔ። ሲመለስ ምንም አላልኩም።

ስለዚህ ያ ክፉ ውጤት ከመጀመሪያውም የራሱ ነበር።

ደብዳቤሽን ከእኔ ደብቄያለሁ ብሏል አይደል? ኪስ ሳልፈትሽ ልብስ አላጥብም። ያንቺን ሁሉንም አንብቤያለሁ። ውጤቱ ያለበትን ሳነብ ደነገጥኩ፤ ግን አልደነቀኝም። ክረምት ላይ ሽንቱ ሁለት ጊዜ ቀልቶ አይቻለሁ። «ቀይ ሥር በልቼ ነው» አለኝ። ቀይ ሥር ከቤታችን ከገባ ዓመት አልፎት ነበር። ሐኪም ዘንድ እንሂድ ስለው ተቆጣ፣ ስለምነው ወጥቶ ሄደ። ይህ ሰው ለራሱ ቢሆን ቤቱ ቢቃጠልም ከወንበሩ አይነሳም።

ታዲያ በሽተኛዋ እኔ መስዬው ባልዲ ሲሸከም ሳየው ነገሩ በራልኝ። እውነቱን ብነግረው እንደ ልማዱ ቁጭ ይላል። ዝም ካልኩ ግን ለእኔ ሲል ይሄዳል። ስለዚህ ዝም አልኩ፤ «ቀድመህ ግባ» አልኩት። ላንቺም ያልነገርኩሽ ውሸት ስለማትችዪበት ነው፤ በደብዳቤም ያስታውቅብሻል። እነዚያን ሁለት ሳምንታት ዛሬ ነገ ሲል ነፍሴ ልትወጣ ነበር።

ሐሙስ ገባ። ከመግባቱ በፊት «አይዞሽ» አለኝ፤ እኔን! እኔ ኮሪደሩ ላይ ወንበር ይዤ ቀረሁ፤ ግድግዳው ላይ ያሉትን ሸክላዎች ስቆጥር በሁለት መቶ አሥር ላይ ተሳሳትኩ። ሐኪሙ ጠራኝ። ፊኛው ውስጥ የባቄላ ፍሬ የምታህል ዕጢ አለች አለን። በማክሰኞው አስተኝተው ፍቀው አወጧት። ተመርምራ ስትመጣ ካንሰር ናት፤ ግን ገና ላይ ላዩን ነች፣ ወደ ሥጋው አልዘለቀችም። ቢዘገይ ኖሮ ሌላ ነገር ነበር አለ ሐኪሙ። ከእንግዲህ በየሦስት ወሩ በካሜራ ይታያል። ያቺ ማሽንሽና ያንቺ እጅ ይባረኩ፤ ሌላ ምን እላለሁ?

የዚያን የሐሙሱን ልጨርስልሽ። ሐኪሙ ዕጢ አለብህ ሲለው አጎትሽ እንዳልሰማ ሆኖ ወደ እኔ ዞረና «የኔን ተዉት፤ አሁን የእሷ ተራ ነው። እሷን እዩዋት!» ብሎ ጮኸ። ሐኪሙ ግራ ገባው። አጎትሽን ወደ ጥግ ወስጄ ሁሉንም ነገርኩት፤ በጆሮው፣ በዝግታ፣ ሁለት ጊዜ። ወረቀቶቹን መመለሴን፣ ኪሱን መፈተሼን፣ ሁሉንም። ይቆጣል ብዬ ትከሻዬን ሰብስቤ ጠበቅሁ።

«እና አንቺ ምንም የለብሽም?» አለ።

«ምንም» አልኩት።

«በእናትሽ?»

«በእናቴ።»

ወንበሩ ላይ ቁጭ አለና ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። «ተመስገን» አለ። «ተመስገን፣ ተመስገን፣ ተመስገን» እያለ እንደ ልጅ አለቀሰ። ዕጢ የተገኘበት እሱ፣ ተመስገን የሚለው እሱ! ነርሶቹ የምሥራች የሰማ መስሏቸው እንኳን ደስ ያለህ አሉት። እሱም አመሰገናቸው።

ኋላ ቤት ስንገባ ወረቀቱን የለዋወጠው ማሽን ሊፈትን ብቻ እንዳልነበር ነገረኝ። የቀላውን ካየ በኋላ ፈርቶ ነበር፤ በእሱ ስም ደህና ነው የሚል ወረቀት እንዲመጣለት ፈልጎ ነው። እንዲነግርሽ ብጠይቀው አፍሯልና እኔ ነገርኩሽ። አትቆጪው፤ እኔ በሁለታችሁም ፋንታ ተቆጥቼዋለሁ።

አሁን ለማንም የማልናገረውን ላንቺ ልናገር። ከዚህ ሰው ጋር አርባ አንድ ዓመት ኖሬያለሁ። እወድሻለሁ የሚል ቃል ከአፉ ወጥቶ አያውቅም፤ እኔም ጠይቄው አላውቅም። እነዚያን ሁለት ወራት ግን በየቀኑ አየሁት። በአንድ ዓይኔ እየፈራሁ በሌላው ደስ ይለኝ ነበር። እግዜር ይቅር ይበለኝ፤ ሳይታመም እንዲህ ቢሆን ኖሮ ብዬ ተመኝቻለሁ።

አሁን አልጋ ላይ ጋደም ብሎ «ምን እየጻፍሽላት ነው?» እያለ ይጮሃል። ደህና ነን እያልኳት ነው ብዬዋለሁ። ደህና ነን።

አክስትሽ